በቀይ ክር የታሰረችው የጸጉር ዘለላ

ልጅ ሳለሁ ጭንቅላቴ የኔ አልነበረም፤ የእትዬ አስካለ ነበር። እሁድ አመሻሽ ላይ በረንዳችን ላይ ባለችው በርጩማዋ ትቀመጥና ጉልበቶቿ መሃል ትወሽቀኛለች፤ ከዚያ በኋላ ቀና ልበል፣ ዝንብ ላባርር፣ ላስነጥስ ብል ፈቃዱ የእሷ ነው። «ጭንቅላትሽን ስጪኝ» ትለኛለች፤ እሰጣታለሁ። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴ «እትዬ» ስትላት ሰምተን እኛም ልጆቿ እትዬ ብለናት ቀረን። ያኔ ዲላ ውስጥ፣ ሌላውን ሰፈር አላውቅም እንጂ በኛ ሰፈር፣ ሹሩባ ማለት አስካለ ማለት ነበር። ሙሽራ እሷ ጋ ትመጣለች፣ ተመራቂ ተማሪ እሷ ጋ ትመጣለች፣ ለፋሲካም ለኢድም ተራ የሚያዘው በእሷ በርጩማ ፊት ነው።

እትዬ አንድ ሕግ ነበራት። በሚዶዋ የተነቀለውን፣ መሬት ላይ የወደቀውን ጸጉር አንዲት ሳታስቀር ለቅማ፣ በመዳፏ አድበልብላ ለባለቤቷ ታስረክባለች። «ያንቺን ይዘሽልኝ ሂጂ። እኔ ቤት የሰው ጸጉር አያድርም» ትላለች። ጸጉር ክፉ ሰው እጅ ከገባ ይደገምበታል፣ ጤና ይነሳል፣ ትዳር ይበትናል ይባላላ! ኦርቶዶክሷም፣ ሙስሊሟም፣ ጴንጤዋም «እኔ እንኳን በዚህ አላምንም» ትላለች፤ ጸጉሯን ግን ጨብጣ ነው የምትወጣው። የራሷን የወደቀ ጸጉር ደግሞ እትዬ ከጓሯችን እንሰት ሥር ትቀብረዋለች፤ አፈሩን በእግሬ የምደለድልላት እኔ ነበርኩ። ሴቶቹ የሚያምኗት በእጇ ቅልጥፍና ብቻ አልነበረም፤ በዚህች ሕጓም ነበር።

ልጅ አልወለድሽም ተብላ ከትዳሯ የተመለሰች ሴት ናት። ሰው ፊት አታነሳውም፤ የሚያነሳባት ካለም «እኔ ከወንድ ጋር ጨርሻለሁ» ብላ ትዘጋዋለች። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ነበረቻት። እህቷ ቤት ተጠግታ ትኖራለች እንዳትባል በሁለት እጇ ትሠራለች፣ ሰው ደጅ አትቆምም፣ ለኛም ለልጆቹ ከሱቅ ብስኩት የምትገዛልን እሷ ነበረች። ያ በርጩማ ለሌላ ሰው እንጨት ነው፤ ለእሷ ግን ቀና ብላ የምትሄድበት ነገር ሁሉ ነበር።

ቲቸር ግርማ እኛ ግቢ የገባው ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ከወደ ደብረ ብርሃን መጥቶ ከተማችን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ እናቴ የጓሮውን ክፍል አከራየችው። ዕድሜው ወደ ሃምሳው የተጠጋ፣ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ለኛ ለልጆች እንኳን «እንደምን አመሻችሁ» የሚል ሰው ነበር። አንድ ቡናማ ካፖርት ነበረው። ዲላ ላይ ካፖርት ምን ያደርጋል? ግን የደጋ ሰው ነውና ከትከሻው አይወርድም፤ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀን ለብሶት ሲወጣ እያየን እንስቅ ነበር።

ተረቱ የጀመረው መብራት በጠፋ አንድ ምሽት ነው። ያኔ መብራት መጥፋት ብርቅ አልነበረም፤ ዛሬም ያው ነው። እናቴ ፋኖሱን በረንዳ ላይ ትሰቅላለች፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ በቆሎ እሸት ይጠበሳል፣ የጎረቤት ልጆች እሸቱ ሲሸታቸው ይሰበሰባሉ፣ እትዬም በዚያች ብርሃን ጸጉሬን ትሠራለች። ቲቸር የክፍሉን ጨለማ ሸሽቶ ወጣና የቢራ ሳጥን ደፍቶ ተቀመጠ። ሌላ ትልቅ ሰው ቢሆን የጦጣና የጅብ ተረት ያወራን ነበር። እሱ ግን የሚያውቀው የቃላትን ተረት ነው። «ቃልም እንደ ሰው አባት አለው፣ የተወለደበት አገር አለው፣ ሥራ የለወጠበት ጊዜ አለው» ብሎ ጀመረና፣ እትዬ እጅ ላይ ያለውን ጸጉሬን በበላው በቆሎ ቆረቆንዳ እያመለከተ «ይሄን እንግሊዞች ብሬይድ ይሉታል» አለን።

ብሬይድ በጥንት ዘመን የጸጉር ስም አልነበረም አለን። ድንገት ላጥ ማድረግ፣ ሰይፍን ከሰገባው መምዘዝ ነበር። ይሄን ሲል ተነስቶ የሌለ ሰይፍ ከካፖርቱ ሥር መዘዘ፣ ጥላው ግድግዳው ላይ ተወራጨ፣ እኛም ጮህን። ያ ወዲህ ወዲያ የሚል እጅ ቀስ በቀስ ክር ለሚያጠላልፍ እጅ ስም ሆነ፤ ከክር ወደ ጸጉር ተሻገረ፤ ወንዶቹ ሰይፋቸውን ሲሰቅሉ ቃሉ ሴቶች ጣት ላይ ቀረ አለን። እትዬ ጣቶቿን ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው። «ወይ ጉድ! እኔ እስከዛሬ ሰይፍ ስመዝ ኖሬያለኋ» አለች። ስለ ጣቶቿ ሰው እንደዚያ ሲያወራ ከዚያ በፊት ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲያ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለን ጀመር። ፕላት የሚባለው ቃል ከመታጠፍ የመጣ ነው፣ የቀሚስ ሽንሽን ዘመዱ ነው አለን። ትሬስ የሚባለውን ከፈረንሳዮች እንደወሰዱት፣ ምናልባትም ሥሩ ሦስት እጅ ማለት እንደሆነ ነገረን፤ «ይባላል ነው እንጂ እርግጡን የሚያውቅ የለም» ብሎም ጨመረ። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ነበር። ሻሸመኔ የምናያቸው ባለ ድሬዶች ስማቸው ፍርሃት ከሚል ቃል እንደወጣ ሲነግረን፣ «ምናቸው ያስፈራል?» ብለን ተከራከርነው። አንድ ምሽት ደግሞ ፒግቴይልን አመጣ፤ የአሳማ ጅራት ማለት ነው ሲል እትዬ እጇን ከጸጉሬ ላይ አነሳች።

«የአሳማ! እኔ የክርስቲያንና የእስላም ልጅ ጸጉር ነው የምሠራው፤ የምን አሳማ አመጡብኝ ቲቸር?»

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም እየሳቀ፣ ቃሉ የተጠመዘዘ ትንባሆ ስም እንደነበር፣ ከትንባሆውም ወደ መርከበኞችና ወታደሮች የኋላ ጉንጉን እንደዞረ አስረዳት። «ትንባሆውንም አልወደድኩትም» አለችው፤ ግን ሳቋን መያዝ አልቻለችም። የእትዬን ጥርስ በደንብ ያየሁት ያኔ ነው።

የኮርንሮው ምሽት ግን ማንም አልሳቀም። የበቆሎ ረድፍ ማለት ነው ሲለን፣ እኛ እሸታችንን ይዘን፣ የሚጣፍጥ ተረት ሊመጣ ነው ብለን ጆሯችንን ቀሰርን። በባርነት ተሸጠው ባሕር የተሻገሩ ጥቁሮች ቀኑን በሰው እርሻ ላይ ረድፍ ለረድፍ አጎንብሰው ይውላሉ፤ ሲመሽ አንዷ የሌላዋን ጸጉር ትሠራለች፤ ራስ ቅልን ተከትሎ የሚወርደው መስመርም በዋሉበት እርሻ ስም ተጠራ፤ ሸንኮራ በሚተከልባቸው ደሴቶች ደግሞ የሸንኮራ ረድፍ ተባለ። እትዬ የያዘችውን መስመር ጨረሰችና «ጭንቅላታቸው ላይ እንኳን የሰው እርሻ?» አለች። ጣቷ ራሴ ላይ ሲከብድ ተሰማኝ።

እኔ ነገሩን ያወቅኩት በጭንቅላቴ ቆዳ ነው። ድሮ እትዬ ስትሠራኝ ዓይኔ ወደ ላይ እስኪሳብ ታጠብቀው ነበር፤ እሱ ሲያወራ ግን ጣቷ ይለሰልሳል፣ ይዘገያል። ሠርታ የጨረሰችውን መስመር «ጠመመብኝ» ብላ ትፈታዋለች። አልጠመመም! ምሽቱ እንዳያልቅባት ነው። ሻሿን ቶሎ ቶሎ መቀየር ጀመረች። አንድ ቀን አንቱታው ሳይታወቃት ወደቀና «አንተ» አለችው፤ ሁለቱም ደነገጡ፣ ግን ማንም አላነሳውም፣ አንቱታውም በዚያው ቀረ። ቲቸር ላጤ ነኝ ብሎ አያውቅም። ባለትዳር ነኝም ብሎ አያውቅም። ብቻውን የሚኖር፣ ሸሚዙን ራሱ የሚያጥብ ሰው ምን ተብሎ ይጠየቃል? እናቴ እንኳን፣ ያቺ ሁሉን ጠርጣሪ፣ «እትዬ ዘንድሮ ሳቋ ተመለሰ» ብላ ተወችው።

ከዚያ ሎክ መጣ። የጎረቤት ልጆች ገብተው፣ እናቴም ወደ ውስጥ ገብታ፣ በረንዳው ላይ ሦስታችን ብቻ ነበርን፤ እኔ ጉልበቷ መሃል ነኝ። ሎክ ማለት አንዲት የጸጉር ዘለላ ናት አለ። ቃሉ መጀመሪያ የታጠፈ፣ የተጠመዘዘ ነገር ማለት እንደነበር፣ ሌሎቹ ቃላት ከአገር አገር ሲዞሩና ሥራ ሲቀይሩ ይቺ ግን ከሺህ ዓመት በላይ ከጸጉር ላይ እንዳልወረደች ነገረን። ቀጥሎም የፈረንጆቹን ልማድ አወራ። ባል ወይም እጮኛ ጦር ሜዳ ሲሄድ፣ ባሕር ሲሻገር፣ ሴቲቱ ከጸጉሯ አንዲት ዘለላ ቆርጣ በክር አስራ ትሰጠዋለች፤ እሱም ደረቱ ላይ ይይዛታል፤ ልጅ የሞተባት እናት ሳትቀር የልጇን ዘለላ ታስቀምጣለች። «በእነሱ ዘንድ ጸጉር መስጠት ራስን መስጠት ነው» አለ።

«እኛ ዘንድማ ራስን ማጥፋት ነው» አለች እትዬ።

ሳቀ። ከሰሉን በእንጨት ቆስቆስ አደረገና፣ ፊቱን ሳያነሳ፣ «እስቲ ለኔም ስጪኝ» አላት። ቀልድ ይሁን ምር አልገባኝም፤ ዛሬም ድረስ አልገባኝም። እትዬ «ጸጉሬን? ለወንድ? አበድክ እንዴ!» ብላ ራሴን በሚዶ ወጋችኝ። እሱ ግን አልተዋትም። በሌላም ምሽት ጠየቃት። «ስለማታምኚኝ ነው» አላት። በሌላም ምሽት «እሺ ይቅር፣ አልለምንም» ብሎ እንዳኮረፈ ልጅ ፊቱን አዞረ። እኔ ይሄን ሁሉ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ እሷ ጉልበት ላይ ነው ያለው፤ የት እሄዳለሁ?

ለበዓል ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል፣ በዋዜማው፣ እትዬ ሻሿን ፈታች። ከጆሮዋ ኋላ አንዲት ዘለላ ለየች፣ በምላጭ ቆረጠቻት፣ በቀጭኑ ጎነጎነቻት፣ እንዳትበተንም ሁለቱን ጫፎች በቀይ ክር አሰረቻቸው። የሙሽራ ሹሩባ ጫፍ የምታስርበት ክር ነው። ከዚያ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ሰው እጅ ላይ ጸጉሬ አድሮ አያውቅም። አደራህን» አለችው። እሱም የካፖርቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተታት። እኔ ልጅ ብሆንም፣ የእትዬን ጸጉር ስንት ጊዜ ከእንሰቱ ሥር የቀበርኩ ልጅ ነኝና ምን እንደሰጠችው ገብቶኛል። ከዚህ በላይ የምትሰጠው ነገር አልነበራትም።

ከበዓሉ ሲመለስ እንደ በፊቱ ሆነ፤ እንዲያውም ሳቁም ተረቱም ባሰ። እትዬ መጋረጃ ገዛች። እናቴን «አንዳንድ ሰው በስተርጅና ይባረካል ይባላል፣ እውነት ይሆን?» ብላ ስትጠይቃት ሰምቻለሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የግቢያችን በር ተንኳኳ። እናቴ ስትከፍት ጥቁር ነጠላ የለበሰች፣ በመንገድ አቧራ የገረጣች ሴት የትንሽ ልጅ እጅ ይዛ ቆማለች። «የግርማ ባለቤት ነኝ» አለች።

እናቴ ድንጋጤዋን ለመሸፈን «እሰይ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» እያለች ውሃ አቀረበች፣ ምግብ አቀረበች፣ ማስተናገዷ ገንፍሎባት ነው መሰለኝ በመጨረሻም «እህቴ ጸጉርሽን ትሥራልሽ፤ መንገዱ ጎድቶሻል» አለቻት። እትዬ እዚያው ቆማለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና «ነይ» አለቻት። ቲቸር ከክፍሉ አልወጣም። እትዬ የዚያችን ሴት ጸጉር አበጠረች፣ ከፋፈለች፣ ጎነጎነች፤ አንዴም እንዳልጎተተቻት አውቃለሁ፣ ሴትዮዋ እትዬ ጉልበት ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ሲያልቅ የወደቀውን ጸጉር ለቅማ እጇ ላይ አስቀመጠችላትና «ያንቺን ይዘሽልኝ ሂጂ» አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ተረኞቹ ሴቶች በረንዳው ላይ እየተሰበሰቡ ሳሉ፣ ከጓሮ ጩኸት ተሰማ። ሴትዮዋ ካፖርቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ነው ያገኘችው። በእጇ ለመንካት ፈርታ በእንጨት አንጠልጥላ አመጣችው፤ ጥቁር ጉንጉን፣ ሁለት ጫፉ በቀይ ክር የታሰረ። «አፍዝ አደንግዝ!» ትላለች። «ለዚህ ነው አገሩን የጠላው! ለዚህ ነው እኔን የረሳው! ወይኔ፣ ትናንት እኔም ጭንቅላቴን ሰጥቻት!» የተሠራውን ሹሩባ በሁለት እጇ ትፈታው ጀመር፣ እየነጨች፣ እያለቀሰች። በእሷ አልፈርድም። እኔም እሷን ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ልጇ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል።

ሴቶቹ ተነሱ። ቀይ ክሩን ሁሉም ያውቁታል፣ ልጆቻቸው ሲዳሩ ያሰረችላቸው ክር ነው። አንዷ በጸጥታ ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳበች። ሌላዋም ሳበች። እትዬ በርጩማዋ አጠገብ ቆማ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታየው። ቲቸር በሸሚዙ፣ ያለ ካፖርቱ፣ ከክፍሉ በር ላይ ቆሟል። እትዬ አልማለችም፣ አልተከራከረችም፤ እሱን ጠበቀችው። የጠበቀችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «እኔ ነኝ የለመንኳት፣ የፈረንጅ ልማድ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ቢል በቃ። ያ ሁሉ ቃል ከነአያት ቅድመ አያቱ የሚያውቅ ሰው!

«አንተ፣ ይሄ ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለችው ሚስቱ።

የእኛን ፊት አየ፣ የልጁን ፊት አየ፣ መሬት አየ። በመጨረሻ ያለው ይሄን ነው፤ «በቃ አቃጥዪው።»

አለቀ። መተት ነው የሚቃጠለው፤ አቃጥዪው ካለ አመነ ማለት ነው። እኔ ደሜ ፈላና «እሱ ነው! እሱ ነው የለመናት! እንግሊዞች ይሰጣጣሉ ብሎ!» ብዬ ጮህኩ። አንዷ ሳቀች። «ደግሞ የእንግሊዝ መተት መጣ!» ሌላዋም «አያችሁ፣ ልጅቱን ሳይቀር አስጠንታታለች» አለች። እናቴ ጆሮዬን ይዛ ወደ ቤት ጎተተችኝ። በመስኮት አየሁት፤ ሴትዮዋ ዘለላዋን በእንጨቱ ምድጃችን ላይ ጣለቻት፣ ያው እሸት የምንጠብስበት ምድጃ ላይ። ጸጉር ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ቤቱን ሞላው። እትዬ ዘለላዋ አመድ እስክትሆን ቆማ አየችና ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

ፊት ለፊት የሰደባት የለም። ይሻል ነበር ቢሰድቧት። አንዷ «ጸጉሬ ይረፍ ብዬ ነው»፣ ሌላዋ «ሰሞኑን አልተመቸኝም» እያለች ሁሉም ቀረች። በሳምንቱ ቲቸር ከነሚስቱ ቤት ቀየረ፣ ቆይቶም ወደ አገሩ ተዛውሮ ሄደ። ለእትዬ ደህና ሁኚ አላላትም። እሁድ አመሻሽ ላይ እትዬ ሚዶዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ባዶ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ሄጄ ጭንቅላቴን ሰጠኋት። እናቴ ከውስጥ ወጥታ፣ ዓይኗን ሳታይ፣ «እትዬ፣ ልጅቷን ተያት፤ ሰው ምን ይላል» አለቻት። እናቴ መተቱን አመነች ማለቴ አይደለም። አላመነችም፤ ለዚህ ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ አዲስ ጸጉር ቤት ወስዳ ካስክ ሥር አስቀመጠችኝ። አለቀስኩ፤ የምትሠራኝ ልጅ ሙቀቱ የበዛብኝ መስሏት ቀነሰችልኝ።

እትዬ ራሷን ተላጭታ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ከዲላ ወጣ ብላ ወዳለችው ፍስሐ ገነት ከተማ ሄደች። እዚያ ቡና መጋዘን ውስጥ ለቀማ ገባች። ልጅ ሆኜ ልጠይቃት ስሄድ፣ እነዚያ ጣቶች መጥፎውን ፍሬ ከደህናው ሲለዩ ቆሜ እመለከት ነበር፤ ፈጣን ናቸው አሁንም፣ ግን ማንም ስለእነሱ ተረት አያወራም። ሹሩባ ሥሪኝ ስላት «እጄ ረስቷል» አለችኝ። ውሸቷን ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ነው።

እኔ እዚሁ ዲላ እንግሊዝኛ ተምሬ አሁን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሰው «ምን አስመረጠሽ?» ሲለኝ የሆነ ነገር እላለሁ፤ እውነቱ ግን ሰውዬውን ውሸታም ሆኖ ላገኘው ነበር። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ሰሞን ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ የቃላቱን ታሪክ አንድ በአንድ ፈለግኩ። ብሬይድን ሳገኝ ሰይፉ እዚያው ነው። ፒግቴይልን ሳገኝ ትንባሆው እዚያው ነው። «ይባላል» ያለውን መጽሐፉም ይባላል ይለዋል። እርር ድብን አልኩ። ቢዋሸን ኖሮ እንዴት ያለ ዕረፍት ነበር! ስለ ሙት ቃላት እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው፣ አጠገቡ ለቆመች ሴት አንዲት ቃል ነፈጋት። ይብላኝ ለሱ እላለሁ፤ ግን እሱ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም።

ዛሬ ከተማችን ውስጥ ጸጉር ቤት በየማዕዘኑ አለ። ተማሪዎቼ ብሬድ ተሠራን ይላሉ፤ ጸጉሩም በማሸጊያ ተገዝቶ የሚቀጠል ነው፣ የማን እንደነበር የሚጠይቅ የለም። የወለሉን ጸጉር ሲመሽ ጠርገው መንገድ ዳር ይደፉታል፤ ባጃጅ ይሄድበታል። አንዲትም ሴት ጨብጣ ስትወጣ አላየሁም። ያን ጊዜ የፈሩት ሁሉ ተረስቷል፤ የተረሳው ግን እትዬን ከጨረሷት በኋላ ነው። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ባለፈው ለቅሶ ቤት አግኝታኝ «አስካለ ደህና ናት? እንዴት ያለች ባለሙያ ነበረች» አለችኝ። ነጠላዬን ራሴ ላይ ሳብኩ።

እትዬ አሁን ከኔ ጋር ናት። ዓይኗ ደክሞ ለቀማው አልሆን ሲላት አመጣኋት። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት መብራት ጠፋና ከሰል አቀጣጥዬ እሸት ጠበስኩ። ሻሿን ልለውጥላት ስፈታው ጸጉሯ አድጎ፣ ሸብቶ፣ ተጠላልፏል። «እስቲ ጭንቅላትሽን ስጪኝ» አልኳት፣ እንደቀልድ። መሬቱ ላይ ምንጣፍ አንጥፌላት ጉልበቴ መሃል ተቀመጠች። ጭንቅላቷን ለሰው እጅ ስትሰጥ ከዚያን ጊዜ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። በሚዶ ቀስ እያልኩ አበጥራለሁ። ከሰሉ ይንጣጣል።

«ሚሚ፣» አለችኝ፣ «አንቺ እንግሊዝኛ አይደል የምታስተምሪው?»

«አዎ እትዬ።»

«ያ ሰውዬ... ጸጉር የሚሰጣጡት ነገር... እውነት ነበር? ወይስ በኔ ሲቀልድ ነው?»

እጄ ቆመ። ይሄን ሁሉ ዘመን ስታኝከው የኖረችው ይሄን ነበር ማለት ነው። ጥላቻ ይመስለኝ ነበር፣ ናፍቆትም ይመስለኝ ነበር። ውሸት ነው ልላት አሰብኩ፤ ፈጠራ ነው፣ ቀላማጅ ነበር፣ ሌላም ሴት ሳያሞኝ አልቀረም ልላት። አጭበርባሪ ያታለለው ሰው መሆን ይሻላል፤ ቁስሉ ይሽራል። ግን በእሷ ጉዳይ እውነቱን እያወቀ ያልተናገረ ሰው በቅቷታል፣ እኔ አልጨምርባትም አልኩ።

«እውነት ነው እትዬ። ያደርጉት ነበር።»

እሸቱ ማረር ጀምሮ ሽታው መጣ፤ ተነስቼ አላገላበጥኩትም። ከቆይታ በኋላ፣ ለራሷ ይሁን ለኔ እንጃ፣ «እንግዲያ ያውቅ ነበር» አለች። አላለቀሰችም። ድምፅዋም አልተቀየረም። የዚያን ጠዋት ግቢው ውስጥ ከቆመው ሰው ሁሉ፣ ያቺ ዘለላ መተት አለመሆኗን የሚያውቅ፣ ከእሷ ሌላ፣ አንድ አዋቂ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ አቃጥዪው ያለውም እሱ ነው። ከቲቸር ተረት ሁሉ እኔ ዘንድ የቀረው ይሄ ነው፤ ሌላውን ተማሪዎቼን አስተምረዋለሁ፣ ይሄን አላስተምርም።

ጎንጉኜ ስጨርስ እትዬ ፊቷን ሳታዞር መዳፏን ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ። ከሚዶው ላይም ከምንጣፉም ላይ የወደቀውን ነጭ ጸጉር በፋኖሱ ብርሃን ለቅሜ፣ አድበልብዬ፣ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይሄው ነው ሁሉም?» አለችኝ።

«ሁሉም ነው እትዬ» አልኳት። «እኔ ጋ የቀረ የለም።»